አሮጌ መኪና ልታስቀቡ ስታስቡ፦ ቀለሙን ድሬ ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ ምረጡት

ፔጆ 404ዬን መጀመሪያ ያስቀባኋት ቀለሙን ከስልክ ላይ መርጬ ነበር። ማታ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ የሆነ የፈረንጅ አገር በደመና ቀን የተነሳ ፎቶ ላይ ያየሁትን ለስለስ ያለ አረንጓዴ። ቀቢው ስልኬን እያየ በጥብጦ ነፋው። ከጋራዥ አውጥቼ ከዚራ ውስጥ ስነዳት ቆንጆ ነበረች፤ የዛፎቹ ጥላ ደግፏታል። ሳቢያን ስደርስ ግን ጥላው አለቀ፣ ሰዓቱም ስድስት ተኩል ሆኖ ነበር። ቤት ስገባ እናቴ በረንዳ ላይ ሆና አየቻትና «ምነው ልጄ፣ የክሊኒክ ግድግዳ አስመሰልካት?» አለችኝ። አልተሳሳተችም።

ሁለተኛው ጊዜ አራት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ ውስጥ ቀለም የተነፋው ሁለት ጠዋት ብቻ ነው፤ ሌላው ፍለጋ፣ ሙከራና የላሜራ ሥራ ነበር። የምጽፍላችሁ ያንን ፍለጋና ሙከራ ነው። የጻፍኩት ለድሬና ለሐረር ሰው ነው፤ ደጋ ላላችሁ ግማሹ ይሠራል።

1. የተወለደችበትን ቀለም ፈልጉ

ከውጪ የምታዩትን አትመኑ፤ ስንት እጅ አልፎበታል። እውነቱን የሚናገረው ፀሐይና ቀቢ ያልደረሱበት ቦታ ነው፦ የበር ጎሚኒ ሥር፣ ከክሩስኮቱ በታች፣ ከወንበሩ ሥር፣ የበሩ የውስጥ ልባስ ሲፈታ ከጀርባው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉትና ትንሽ ፖሊሽ አሹበት። የደበዘዘው የላይኛው ቆዳ ሲነሳ ቀለሙ ይወጣል።

ከዚያ አንድ ትንሽ መስኮት ክፈቱ። እኔ የሠራሁት የኋላው ኮፈን በስተውስጥ ጠርዙ ላይ ነው፣ ቢበላሽ የማይታይ ቦታ። 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውሃ አርሼ፣ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ፣ የአንድ ብር ሳንቲም በምታክል ቦታ ላይ በክብ እያዞርኩ ፈገፈግሁ። ብረቱ ሲቃረብ ወደ 1000 ቁጥር ቀየርኩ። ቀለሙ ባንዴ አይለቅም፤ ዳር ዳሩን እንደ ሽንኩርት ቀለበት እየሠራ ነው የሚወርደው። ከላይ የእኔ የክሊኒክ አረንጓዴ። ሥሩ ነጭ። ከነጩ ሥር ሰማያዊ፤ አባቴ ከመግዛቱ በፊት ታክሲ ሆና ሳትሠራ አልቀረችም፣ ይህን ግን አንድም ቀን አላነሳልኝም። ከሰማያዊው ሥር ቡላ የመሰለ ክሬም፣ ከክሬሙ ሥር ግራጫ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት ብረቱ ላይ የሚነፋው መሠረት፣ ከዚያ ራቁቱን የሚያበራ ብረት። ጀጎል ውስጥ ግድግዳው የተላጠ ቤት አጠገብ ቆማችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ አንድ ነው፦ ሮዙ ሲነሳ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ሲነሳ ኖራ።

መሃል ላይ ሌላ ግራጫ ካጋጠማችሁ አትሳቱ፤ ያ ከኋላ የመጣ ቀቢ የነፋው ፕራይመር ነው። ቆጠራችሁ ከብረቱ ይጀምር። ብረት፣ ፕራይመር፣ ቀጥሎ ያለው የፋብሪካዋ ነው። ደግሞ ጨለማ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረ ነጭና ክሬም ወደ ቢጫ ይሄዳል። ስለዚህ ከበር ልባስ ጀርባ ያገኛችሁትን ክሬም እንዳለ አታስበጥብጡ፤ ትንሽ ነጣ አድርጋችሁ አስቡት።

ይህን ስትሠሩ ደረቁን አትፈግፍጉ። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው ሳንባ ይገባል፣ ግቢ ውስጥ ቢበተን ደግሞ ልጆች እጅ ላይ ይቀራል። በውሃ አርሱ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ የወጣውን ጭቃ በጨርቅ አንስታችሁ ጣሉት።

ቮልስ ያላችሁ ከእኛ ከፔጆዎቹ ይቀላችኋል። የቮልስ ዋና ዋና ቀለሞች ኤል በሚል ፊደል የሚጀምር ቁጥር አላቸው፦ ኤል 41 ጥቁር፣ ኤል 87 ዕንቁ ነጭ፣ ኤል 456 ሩቢ ቀይ። ቁጥሩን ካገኛችሁ ክርክሩ አለቀ፤ ካላገኛችሁም መኪናዋ በተሠራችበት ዓመት የነበሩትን ቀለሞች ዝርዝር ፈልጋችሁ ከከፈታችሁት መስኮት ጋር ማስተያየት ይቻላል።

2. ሊብሬውን አውጡ

አጭር ነው ግን አትዝለሉት። ሊብሬው ላይ ቀለም የሚል መስመር አለ። የእኔው ነጭ ይላል፣ መኪናዋን አረንጓዴ አድርጌ ለቦሎ ይዣት ሄድኩ። የቀረውን ገምቱት። ቀለም የምትቀይሩ ከሆነ ከመቀባታችሁ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሂዳችሁ ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። ቀለሙ ከተነፋ በኋላ መጠየቅ ይቅርታ መለመን ነው የሚሆነው።

3. ከቀለሙ መልክ በፊት ዘሩን ወስኑ

ቀለም ቤት ገብታችሁ «ክሬም ስጠኝ» ብትሉ የትኛውን ክሬም? ናይትሮ የሚባለው የቀለም ዘር ቶሎ ይደርቃል፣ በፖሊሽ ይዋባል፣ ቢጫር ለማስተካከል ቀላል ነው። ግን ስስ ነው፤ በእኛ ፀሐይ ቶሎ ዱቄት ይሆናል። ቤንዚን ሲፈስበትም ይለሰልሳል፣ የታንከሩ አፍ ሥር የምታዩት እንባ የመሰለ መስመር የዚያ ነው። ሲንቴቲክ ርካሽ ነው፣ ግን ለመድረቅ ጊዜ ይወስዳል። ድሬ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ያልደረቀ ቀለም ማለት አሸዋ መለጠፊያ ማለት ነው። ሃርድነር፣ ማለትም ማጠንከሪያ፣ ተቀላቅሎ የሚነፋው አክሪሊክ ፀሐይም ቤንዚንም ይችላል፤ ገንዘቡ ካላችሁ እሱን ያዙ። ሃርድነሩ ግን ክፉ ነው። የሚተነውን ጭስ የአቧራ ማስክ አያቆመውም፣ የሚነፋው ሰው ከውጪ ንጹሕ አየር የሚመጣለት መከላከያ ያስፈልገዋል። ግቢያችሁ ውስጥ፣ ልብስ በተሰጣበትና ልጆች በሚጫወቱበት አታስነፉት።

ሌላው ውሳኔ ድፍን ነው ወይስ ሜታሊክ? እዚህ ላይ እኔ አክራሪ ነኝ፦ ድፍን። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወጡ ተራ የቤት መኪኖች አብዛኞቹ ድፍን ቀለም ነበራቸው፤ ብልጭልጩ አያምርባቸውም። ሁለተኛውና ዋናው፣ ድሬ የባጃጅ ከተማ ናት። ሳትጫር ዓመት አትሞላም። ድፍን ቀለም ሲጫር አንድ ፓራፋንጎ ብቻ ይነፋና ነገሩ ይረሳል። ሜታሊክ ውስጥ ያለችው ደቃቅ ብረት ግን የምትተኛው እንደ ነፊው እጅ ነው፤ የኮምፕሬሰሩ ግፊት ወይም የእጁ ርቀት ትንሽ ከተለወጠ ያቺ አንድ በር ለብቻዋ ጠቁራ ወይም ነጥታ ትቀራለች። ከፊት ስታዩዋት አንድ ናት፣ ከጎን ስታዩዋት ሌላ። ያንን ለማዛመድ ግማሽ መኪና ማስቀባት ይመጣል።

4. ምርጫውን ወደ ሦስት አውርዱ

ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። የደንገጎን አቀበት ወጥታችሁ መስኮት ስትከፍቱ የሚገባው አየር ልዩነቱን ይነግራችኋል። ሐረር ላይ ጥቁር 404 ማምሻውን ክብር አለው። ድሬ ላይ ጥቁር መኪና ምጣድ ነው። ካላመናችሁ ሁለት የቆርቆሮ ቁራጭ፣ አንዱን ጥቁር አንዱን ነጭ ቀብታችሁ ሰባት ሰዓት ላይ ፀሐይ አስመቱና መዳፋችሁን አሳርፉ። ነጩ ላይ እጃችሁ ይቆያል። ጥቁሩ ላይ አይቆይም። 404 ደግሞ ኤሲ የላትም፣ መስኮት ነው ያላት።

ቀይ የምትወዱ አውቃችሁ ግቡበት። ብዙዎቹ ቀይ ቀለሞች ለፀሐይ ደካማ ናቸው፤ ኮፈኑና ጣራው መጀመሪያ ወደ ሮዝ ይሄዳሉ፣ በሮቹ ቀይ እንደሆኑ ይቀራሉ፣ መኪናዋ የሁለት ሰው ልብስ የለበሰች ትመስላለች። ነጭ፣ ክሬም፣ አመድማና የአፈር ቀለሞች ይጸናሉ።

አቧራውን ደግሞ አትርሱ። የደቻቱ አሸዋ ነጣ ያለ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር አረንጓዴ ላይ ጠዋት ታጥቦ ለምሳ ይታያል። ቡላ፣ ክሬምና ፈዘዝ ያለ ግራጫ ይሸፍኑታል። እዚህ ላይ ስንፍናዬ ውበቴን አሸነፈው፣ አልደብቅም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ሰው የማያስበው። ሰማያዊ አካልና ነጭ ጣራ እጅግ ያምራል፤ ነጭ ጣራ ሙቀት ስለሚመልስም ለእኛ አገር ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ሰማያዊና ነጭ የታክሲ መልክ ነው። 404 ደግሞ ለሐረር ሰው ራሷ የታክሲ ትዝታ ናት። እንዲህ ካስቀባችኋት መንገድ ዳር እጅ ይነሳባችኋል፣ ቀይ መብራት ላይ በር ተከፍቶ ሰው ይገባል። ጣራ ነጭ ማድረግ ከፈለጋችሁ ሥሩን ሌላ አድርጉት፦ ግራጫ፣ ቡናማ፣ የወይራ ቅጠል። የታክሲ መልክ እንደየአገሩ ነው መቼም፤ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ታክሲያቸውን ያለበሱት ራል 1015 የሚባለውን ክሬም ነው። የእኔ ክሬም ፍራንክፈርት ብትሄድ ተሳፋሪ አታጣም።

5. ላሜራ ላይ አስነፉ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጡ

ቀለም ከካታሎግ አይመረጥም። የካታሎጉ ቁራጭ የጥፍር ያህል ናት፤ ያንኑ ቀለም አራት በር ላይ ስታሰፉት ደምቆ ይጮኻል። ስልክ ደግሞ ከነጭራሹ ውሸታም ነው። የመጀመሪያዋን አረንጓዴዬን አስታውሱ።

ባትላሜራው ከሚጥለው ቁርጥራጭ ቢያንስ ክንድ በክንድ የሆነ ላሜራ ለምኑት። ጠፍጣፋውን ብቻ አይደለም፤ የተጎበጠም ይኑርበት፣ የአሮጌ ፓራፋንጎ ቁራጭ ከሆነ ሸጋ ነው። ቀለም ጉብጠት ላይ ብርሃን ሲያገኘው ሌላ ይሆናል፤ ጠፍጣፋው ላይ ያልታየ ቢጫነት ወይም አረንጓዴነት እዚያ ላይ ይወጣል። መኪናዋ የምትነፋበትን ራሱን ፕራይመር አስነፉ። ቢጫና ቀይ በደንብ ስለማይሸፍኑ ሥራቸው ያለው ግራጫ ወይም ነጭ መልካቸውን ይለውጠዋል። ከዚያ የመረጣችኋቸውን ሦስት ቀለሞች፣ እያንዳንዱን በየላሜራው፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሸፍን ድረስ አስነፉ። ከጀርባው ቅልቅሉን በማርከር ጻፉ። ሳይደርቅ አትፍረዱ፤ እርጥብ ቀለምና የደረቀ ቀለም አንድ አይደሉም።

እኔ ሦስት ክሬም አሠራሁ። ጋራዡ ውስጥ፣ በሰማያዊ ሸራ ጥላ ሥር፣ ሁለተኛው ከመስኮቴ ቀለም ጋር ቁርጥ ነበር። «ይሄው ነው» አልኩ። ቀቢው፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ቃል የማያባክን ሰው፣ ላሜራውን ከእጄ ነጠቀኝ። «አቦ፣ ሸራው ነው የሚያወራህ! ፀሐይ ላይ አውጣው» አለ። አወጣነው። ክሬሙ እዚያው ዓይናችን እያየ አረንጓዴ ሆነ። ሦስተኛው፣ ውስጥ ሆኖ ቆሻሻ የመሰለኝ፣ ፀሐይ ላይ መኪናዋ የተወለደችበትን ክሬም መሰለ።

ምክንያቱ ተራ ነው። ሁለት ቀለሞች ከተለያዩ ዱቄቶች ተበጥብጠው በአንድ ብርሃን አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ፤ ብርሃኑ ሲለወጥ ይለያያሉ። ስለዚህ ላሜራዎቹን አራት ጊዜ እዩአቸው፦ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ቀትር ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ፀሐይዋ ስትቀላ፣ ማታ ደግሞ በመንገድ መብራት። ከኒም ዛፍ ሥር አትምረጡ፤ ቅጠሉ ብርሃኑን አረንጓዴ ያደርገዋል። ሐረር ከሆናችሁ ከጀጎል ጠባብ መንገድ አውጥታችሁ ፈረስ መጋላ ሜዳው ላይ አስቀምጡት። ሁለት ሮዝ ግድግዳ መሃል የቆመ ነጭ መኪና ሮዝ ነው። ላሜራውንም አጋድማችሁ ብቻ ሳይሆን እንደ በር አቁማችሁ እዩት፤ ኮፈንና በር ፀሐይ የሚያዩት በተለያየ አቅጣጫ ነው።

ጊዜ ካላችሁ ደግሞ የላሜራውን ግማሽ በወፍራም ካርቶን ሸፍናችሁ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ስቀሉት። እኔ ሚያዝያ ላይ ሰቅዬ ሰኔ ላይ አወረድኩ፣ የዓመቱን ክፉ ሙቀት ይጠጣ ብዬ። ለማነጻጸር የጨመርኩት ርካሽ ቀይ ናይትሮ ካርቶኑ ሲነሳ በመሃሉ መስመር ተሠምሮበት ነበር፤ በጣት ሲነካ ቀይ ዱቄት ይሰጣል። ሃርድነር ያለው ክሬም ምንም አላለም።

6. ሰውነቷን አይታችሁ አልብሷት

የጠቆረና የሚያብረቀርቅ ቀለም ምስጢር አይጠብቅም። የላሜራው ሞገድ፣ የስቱኮው ጠርዝ፣ ሁሉም ይወጣል። ቀለም ከመወሰናችሁ በፊት የተዘጋጀውን በር በውሃ አርሱትና ጠዋት ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት ጉንጫችሁን አስጠግታችሁ በርዝመቱ እዩት። የብርሃኑ መስመር ከተወላገደ ወይ ባትላሜራውን መልሱት፣ ወይ ነጣ ያለ ቀለም ምረጡ። ሦስተኛ መንገድ የለም።

404 ደግሞ የመስመር መኪና ናት፤ ቅርጿን የሳለው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ከፊት ጀምሮ እስከ ኋላዋ ሹል ክንፍ የሚሄደው እጥፋት ነው ውበቷ፤ ነጣ ያለ ድፍን ቀለም ላይ ጥላው በደንብ ይታያል፣ ጥቁር ላይ ይሰወራል። ይህቺ ናት የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈችው፤ ጌጥ ሳይበዛባት መቆም ታውቃለች።

የወንበሩን ልባስ አትርሱ። ልባሱን የማትቀይሩት ከሆነ ላሜራውን ወስዳችሁ ወንበሩ ላይ አስቀምጡት። ቀይ ወንበር ከክሬምና ከግራጫ ጋር ይስማማል፣ ከአረንጓዴ ጋር ግን ይጣላል። ኒኬሉ፣ ፓራውልቱ፣ የመስኮቱ ዙሪያ ሁሉ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ጥርት ያለ ነጭ አጠገቡ አታድርጉበት፤ ኒኬሉን የበለጠ ቢጫ ያስመስለዋል።

7. የሚነፋበትን ጠዋት ምረጡ

ድሬ ላይ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ጠዋት። ከዚያ በኋላ ብረቱ ይግላል፣ ቲነሩ ቀለሙ ሳይተኛ ይተናል፣ ገጹ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፤ ያው የተሞከረው ቀለም ራሱ ፈዝዞ ሌላ ይሆናል። በዝግታ የሚተን ቲነር ጠይቁ። ወለሉን ውሃ አርከፍክፉ፣ አቧራ እንዳይነሳ። ሐረር ላይ በክረምት ተቃራኒው ነው የሚያስቸግረው፤ በእርጥብ አየር ናይትሮ ከተነፋ ላዩ ጭጋግ ይለብሳል። ለነገሩ ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ለሥራ አትቸኩሉ። ቀቢያችሁ በርጫ ላይ ነው፣ እናንተም ብትሆኑ።

ለአንድ 404 የሚበቃውን ሁሉ ባንድ ጊዜ አስበጥብጡ። እኔ ከነትርፉ አምስት ሊትር አሠራሁ። ነገ ጎሎ ቢበጠበጥ፣ ያው ሰው በያው ቆርቆሮ ቢሠራውም፣ አንድ አይመጣም፤ ልዩነቱ የሚታየው ደግሞ በበርና በፓራፋንጎ መገናኛ ላይ ነው።

8. ትርፉን አስቀሩ

ግማሽ ሊትር አስቀሩ፣ ሃርድነር ሳይገባበት። እስከ አፉ በሚሞላ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ፣ አየር እንዳይኖረው፣ ክዳኑ በደንብ ጠብቆ፣ ፀሐይ በማይመታው ቀዝቃዛ ቦታ። ጠርሙሱ ላይ የቀለሙን ዘር፣ ቅልቅሉን፣ የተነፋበትን ቀንና የፕራይመሩን መልክ ጻፉ። እኔ ያሸነፈውን ላሜራ ራሱን፣ ጽሑፉ ከጀርባው እንዳለ፣ ከኋላው ወንበር ሥር አስገብቼዋለሁ። ባለፈው ወር አንድ ባጃጅ የግራ ፓራፋንጎዬን ሲጭረው ወደ ቀቢው የወሰድኩት መኪናዋን ሳይሆን እሱን ነው።